አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ ስለ ካይቶሳንና ስለ ናኖ ቅንጣቶቹ

ባለፈው እትም ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ባቀረብነው ጽሑፍ ካይቶሳን የተባለውን ንጥረ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞችና ወረዳዎች የደረሱን ደብዳቤዎች ግን ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልነበረ አስገንዝበውናል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሕመምተኛን ሕይወት በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ጽሑፋችሁን ያነበበ አንድ ተማሪዬ «ካይቶሳን ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ፣ በጣና ዳር ዓሣ የሚበልቱ ሰዎች የሚጥሉት ቅርፊት ለምን አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ካይቶሳን በትክክል ምንድን ነው? ናኖ ቅንጣት የሚሆነውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ተማሪዎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ ነክቷል። የዓሣውንም የሸርጣኑንም ልባስ በአማርኛ «ቅርፊት» እንላቸዋለን እንጂ ሁለቱ በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። የቆሮሶ ቅርፊት በዋናነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲንና አጥንትን ከሚያጠነክረው የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው፤ አምባዛ ደግሞ ጭራሹን ቅርፊት የለውም። የሸርጣንና የሽሪምፕ ልባስ ግን ከካልሲየም ካርቦኔትና ከፕሮቲን ጋር ተጠላልፎ የተቀመጠ፣ ካይቲን የሚባል ረጅም ሰንሰለት ይዟል፤ ሰንሰለቱ ናይትሮጅን ካላቸው የስኳር ቁራጮች የተቀጠለ ነው። ይኸው ካይቲን በአንበጣና በጢንዚዛ ልባስ፣ በንብ ገላ፣ በእንጉዳይ ህዋሳት ግድግዳም አለ። እንዲያውም መጀመሪያ የተገኘው በክረምት ከየመስኩ ከምንለቅመው ከእንጉዳይ ነበር፤ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሌላው ፈረንሳዊ ሻርል ሩዤ ይህን ካይቲን በብርቱ የፖታሽ ብጥብጥ ቢቀቅለው በደካማ አሲድ የሚሟሟ አዲስ ነገር ሆኖ አገኘው። ዛሬ ካይቶሳን የምንለው ያንን ነው።

አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ታጥቦ የደረቀው ቅርፊት ይፈጫል፤ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲነከር ማዕድኑ አረፋ እየደፈቀ ይለቃል፤ ቀጥሎ በቀጭን ኮስቲክ ሶዳ ፕሮቲኑ ይታጠባል፤ የሚቀረው ካይቲን ነው። በመጨረሻ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚደርስ ብርቱ ኮስቲክ ሶዳ ለሰዓታት ሲቀቀል፣ በሰንሰለቱ ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ የነበረው አሴቲል የተባለ ቁራጭ ይነቀልና ከሥሩ አሚን የተባለው ናይትሮጅን ያለው ክፍል ይጋለጣል። ለተማሪዎችዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስተምሩ ከሆነ ይህን አሚን ያስተምሯቸው። አሚኑ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ፕሮቶን ተቀብሎ አወንታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይይዛል፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ6.5 አካባቢ ሲያልፍ ይህን ሙል ይጥላል። ካይቶሳን በተራ ውሃ የማይሟሟው፣ አንድ በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለበት ውሃ ግን የሚሟሟው በዚህ ምክንያት ነው። በተፈጥሮ ከሚገኙ የስኳር ሰንሰለቶች አብዛኞቹ ሙል የለሽ ወይም አሉታዊ ሙል ያላቸው ሲሆኑ፣ ካይቶሳን አወንታዊ በመሆኑ ከወገኖቹ ይለያል። ከዚህ በታች የምንናገርለት ጥቅሙ ሁሉ፣ ጉዳቱም ጭምር፣ ከዚህ ከአንድ ጠባዩ የሚመነጭ ነው።

ወደ ናኖው ስንመጣ፣ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ቢሆን፣ 200 ናኖሜትር የሆኑ የካይቶሳን ቅንጣቶች በፀጉሩ ውፍረት ልክ ጎን ለጎን ለመደርደር 400 ያስፈልጋሉ። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 በስፔን የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳወቁት ሲሆን፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚመች ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ሥራውን በአንድ ቤተ ሙከራ ቆሞ ተመልክቷል። በማግኔት በሚሽከረከር ዘንግ የሚማሰል፣ እንደ ውሃ የጠራ የካይቶሳን ብጥብጥ በብርጭቆ ተቀምጧል፤ በላዩ ትራይፖሊፎስፌት የተባለ አሉታዊ ሙል ያለው ጨው በጠብታ ይጨመርበታል። ለጥቂት ደቂቃ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ ብርጭቆው በብርሃን ፊት ሲያዝ፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ጥቂት ወተት ጠብ እንዳለበት ዓይነት፣ ሰማያዊ ጥላ ያለው ደብዛዛ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያች ቅጽበት ሰንሰለቶቹ በጨው እየተሳሰሩ ተጠቅልለው በዓይን የማይለዩ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆነዋል ማለት ነው። ጨው ከበዛ ግን ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። በብጥብጡ ውስጥ አስቀድሞ መድኃኒት ካለ መድኃኒቱ በቅንጣቶቹ ውስጥ ተይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ካይቶሳን ደም እንደሚያቆም፣ ባክቴሪያ እንደሚገድል፣ መድኃኒትም እንደሚሸከም አነበብሁ። አንድ ነገር ይህን ሁሉ እንዴት ይሠራል? ዛሬ በእርግጥ በሕክምና ላይ የዋለውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ በተሞከረውና በተስፋ በሚጠበቀው መካከል ያለውን ድንበር መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ይህን ድንበር ያደበዝዘዋል።

በሕክምና ላይ በሚገባ የዋለው የደም ማቆሚያ ፋሻው ነው። የቀይ የደም ህዋሳት ገጽ አሉታዊ ሙል አለው። ከካይቶሳን የተሠራ ጎዝ ወይም ስፖንጅ በሚደማ ቁስል ላይ ተጭኖ ሲያዝ ህዋሳቱን ወደ ራሱ ስቦ ያጣብቃቸውና ቁስሉን የሚደፍን ግግር ይሠራል። ዋናው ቁም ነገር፣ ይህ መጣበቅ ደምን ከሚያረጉት የሰውነት ፕሮቲኖች ሥራ ውጭ ሊካሄድ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሄፓሪን ያለ ደም አቅጣኝ በሚወስድ ሰው ላይም ሊሠራ ይችላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ለቆሰሉ ወታደሮች እንዲህ ያለውን ፋሻ ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ ይህ ፋሻ ናኖ ቅንጣት አይደለም፤ የደረቀ ካይቶሳን ነው። ደግሞም ፋሻው የእጅን ጫና አይተካም፤ እርስዎ በየቀኑ እንደሚያደርጉት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል።

ባክቴሪያን በተመለከተም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የባክቴሪያ ውጫዊ ገጽ አሉታዊ ሙል ስላለው ካይቶሳን ይጣበቅበትና የሽፋኑን አጥርነት ያናጋዋል። ካይቶሳኑ በናኖ መጠን ሲሆን ከአንድ ግራም የሚገኘው ገጽ እጅግ ስለሚሰፋ ንክኪው ይበዛል። ይህ ለተቃጠለና ቶሎ ለማይድን ቁስል በሚሠሩ ሽፋኖች ላይ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ግን የአንቲባዮቲክ ምትክ አይደለም።

መድኃኒት መሸከሙ ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የተጣለበት፣ በአመዛኙም ገና በምርምር ላይ ያለ ክፍል ነው። በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በአንጀትና በጨጓራ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ አሉታዊ ሙል ያላቸው ሞለኪውሎች አሉበት። ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ ተራ መድኃኒት በእንባ ታጥቦ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል፤ በካይቶሳን ቅንጣት የተያዘው ግን ገጹ ላይ ተለጥፎ ይቆይና ቀስ እያለ ይለቃል። ካይቶሳን ጎን ለጎን የተሰፉ ህዋሳትን ስፌት ለጥቂት ጊዜ ያላላል፤ ስለዚህ ትልልቅ ሞለኪውሎች በመካከላቸው ሊሾልኩ ይችላሉ። በአፍንጫ የሚሰጥ ክትባት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ዲኤንኤና አርኤንኤም አሉታዊ ሙል ስላላቸው ከካይቶሳን ጋር ራሳቸው ተጠቅልለው ይያያዛሉ፤ ይህም የዘረ መል ሕክምናን ለሚያጠኑ አንድ መንገድ ከፍቷል። ሸክሙን ካራገፈ በኋላ የሚቀረውን ሰንሰለት በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የተባለው ኢንዛይም ቀስ በቀስ ይቆራርጠዋል።

ጉዳቱንም ማወቅ ይገባል። የሚደማ ቁስልን የሚያድነው ያው የመጣበቅ ጠባይ፣ ቅንጣቶቹ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገቡ ደምን ሊያረጋ ይችላል፤ ሙላቸው ሲበዛና ብዛታቸው ሲጨምር ደግሞ የጤነኛ ህዋስን ሽፋን ይጎዳሉ። በዚህ ላይ ከተፈጥሮ የሚወጣ ነገር በመሆኑ የሰንሰለቱ ርዝመትና የንጽሕናው ደረጃ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ለመድኃኒት ፋብሪካ ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ብዙ ሥራዎች ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ያልደረሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍላችሁ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጎረቤታችን «በካይቶሳን ናኖ የተሠራ የሚዋጥ ኢንሱሊን ወጥቷል» ብሎ ከነገራት ወዲህ መርፌው አስጠልቷታል። እውነት ነውን? ከየትስ ይገኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከማንኛውም ማብራሪያ በፊት እናትዎ መርፌያቸውን አንድ ቀንም እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። በካይቶሳን ናኖ ቅንጣት የተሠራ፣ ለሕሙማን እንዲሸጥ የተፈቀደ የሚዋጥ ኢንሱሊን የለም። በዚህ ስም አንድ ነገር የሚሸጥልዎ ሰው ቢመጣ አይግዙ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቆም በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ፣ ደሙ አሲድ የሚሆንበት ለሞት የሚያደርስ ሁኔታ ሊከተል ይችላል።

ጎረቤትዎ ወሬውን ከምንም አላመጡትም። በዚህ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ተጠንቷል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም የደም ስኳር የቀነሰበት ሁኔታ ታይቷል። ችግሩ መንገዱ ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ሲዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋ ይፈጩታል። ካይቶሳን ጋሻ እንዲሆነው ቢታሰብም፣ ራሱ ካይቶሳን በጨጓራ አሲድ ይሟሟል፤ ያንን አልፎ አንጀት ሲደርስ ደግሞ አሲዱ ስለሚቀንስ የሚጣበቅበትን ሙል ያጣል። ተመራማሪዎች አሲድ የማይበግረው ሽፋን በማልበስና ሰንሰለቱን በኬሚካል በመለወጥ እየታገሉት ነው። ቢሆንም ወደ ደም የሚገባው ኢንሱሊን ከተዋጠው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ መጠኑም ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ትንሽ ሲበዛም ሲያንስም አደጋ ለሚያመጣ መድኃኒት ይህ የሚያስተማምን አይደለም።

እናትዎ መርፌው ያስጠላቸው ስለሚያማቸው ከሆነ ግን መፍትሔ አለ። የመውጊያውን ቦታ ከሆድ ወደ ጭን በየጊዜው ማዘዋወር፣ ከማቀዝቀዣ ወይም ከቀዝቃዛ እንስራ የወጣውን ኢንሱሊን ጥቂት አቆይቶ መውጋት፣ የደነዘ መርፌን ደጋግሞ አለመጠቀም ሕመሙን ይቀንሳሉ። የሚከታተሏቸውን ሐኪም ወይም ነርስ አብረው ሄደው ይጠይቁላቸው፤ እናቶች ብቻቸውን ሲሆኑ «ደኅና ነኝ» ብለው ይመለሳሉና።

ጥያቄ፦ በመራዊ አካባቢ በኮጋ መስኖ ሽንኩርትና አቮካዶ አመርታለሁ። ካይቶሳን ፍራፍሬ እንዳይበላሽ ያደርጋል ይባላል። ለእኛ ይሆነናልን?

መልስ፦ ለአቮካዶው ይሆናል፤ ለሽንኩርቱ ግን አይመከርም። ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ የሚሆን ካይቶሳን በደካማ አሲድ ተሟሙቶ ፍሬው ሲነከርበትና ሲደርቅ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይሆናል። ልባሱ የኦክስጅንን መግቢያና የእርጥበትን መውጫ ያጠብባል፤ ፍሬው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ቀስ ብሎም ይበስላል። አቮካዶን የሚያጠቁረውን ሻጋታም ያዳክማል። የናኖ ቅንጣቱ በልባሱ ውስጥ ሲጨመር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ሻጋታ የሚገድሉ የቅመም ዘይቶችንም ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። በማሳ ላይ ደግሞ ተክሉ ካይቶሳንን ሲያገኝ ሻጋታ የነካው መስሎት የራሱን መከላከያ ቀድሞ ያዘጋጃል፤ የሻጋታ ግድግዳም ካይቲን አለበትና። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ካይቶሳን ሃይድሮክሎራይድን ለዚህ ዓይነት የሰብል ጥበቃ ፈቅዷል።

ሽንኩርት ግን የሚፈልገው መድረቅ ነው። አንገቱ እስኪጠወልግ በጥላና በነፋስ ማድረቅ ከማንኛውም ልባስ ይበልጥበታል፤ ማርጠብ ጉዳት ነው። ለአቮካዶዎም ቢሆን ካይቶሳን ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ዋጋውን ያስሉ። ፍሬውን ከአጭር ግንዱ ጋር መቁረጥ፣ መሬት ላይ አለመጣል፣ በጠዋት ቅዝቃዜ ለቅሞ ጥላ ማስገባት ምንም አያስወጡም፤ እነዚህ ሳይሟሉ የሚቀባ ልባስ የተጋጨ ፍሬን አያድንም።

ጥያቄ፦ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ የተሰማራሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ካይቶሳን የማቅለሚያ ውሃን ያጠራል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

መልስ፦ በመርሕ ደረጃ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ጥጥ ከሚቀልምባቸው ቀለሞች ብዙዎቹ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል አላቸው፤ ውሃው ትንሽ አሲድ ሲሆን አወንታዊው ካይቶሳን ቀለሙን ይይዘዋል። በደቡብ የአገራችን ክፍል የምናውቀው የሽፈራው ፍሬም የደፈረሰ ውሃ የሚያጠራው አወንታዊ ሙል ባላቸው ፕሮቲኖቹ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው። ከዚህ ሌላ አሚኑ እንደ እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም ያሉትን ብረቶች ጨብጦ ይይዛል።

አስቸጋሪው ነገር ውሃው በጣም አሲድ ከሆነ ካይቶሳኑ ራሱ ሟሙቶ ከውሃው ጋር መሄዱ ነው፤ ይህን ለመከላከል ሰንሰለቶቹ በሌላ ኬሚካል እርስ በርስ ይሰፋሉ። ሁለተኛው፣ ናኖ ቅንጣት ቀለሙን ከያዘ በኋላ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት አይለይም። ለዚህ የተገኘው ብልኃት ያስደስተናል፤ የብረት ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣት በካይቶሳን ይለበጥና ሥራውን ሲጨርስ ከዕቃው ጎን ማግኔት ሲጠጋ ሁሉም ወደ ማግኔቱ ተሰብስቦ ውሃው ጠርቶ ይቀራል። ለፋብሪካ ፍሳሽ ብዛት ግን ዋጋው ገና ውድ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣባት ከተማ ነዋሪዎች እንደመሆናችን ይህን ምርምር በቅርብ ብንከታተለው ይገባናል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ። ካይቶሳን ከሽሪምፕ ከተሠራ፣ በጾም ወቅት ፍራፍሬ ላይ ተቀብቶ ሳናውቀው ልንበላው አይደለምን?

መልስ፦ የሃይማኖቱን ፍርድ ለንስሐ አባትዎ እንተዋለን፤ የምንመልሰው ስለ ምንጩ ነው። ከሻጋታና ከእንጉዳይ ብቻ የሚሠራ ካይቶሳን አለ፤ በአውሮፓ ለወይን ጠጅ ማጥሪያ እንዲውል የተፈቀደው ከእነዚህ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ሻጩን «ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰውም ይህንኑ ይጠይቅ፤ አለርጂውን የሚያመጣው ፕሮቲኑ እንጂ ሰንሰለቱ ባይሆንም፣ በደንብ ካልታጠበ ምርት ውስጥ ፕሮቲን ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ለማክሳት ተብሎ የሚሸጥ የካይቶሳን እንክብል ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ግምገማ በክብደት ላይ ያለው ውጤት እጅግ ትንሽ ሆኖ አግኝቶታል። ኮሌስትሮልን በጥቂቱ በማስተካከል ረገድ፣ በቀን 3 ግራም ሲወሰድ፣ የተሻለ ማስረጃ አለው።

ጥያቄ፦ በዳንግላ 30 ቀፎ አለኝ። ንብ ካይቲን ካላት ከቀፎዬ ሥር በየጊዜው የምጠርገውን የሞተ ንብ ካይቶሳን አድርጌ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ከሞተ ንብ ካይቶሳን ማውጣት እንደሚቻል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሒሳቡ ግን አያዋጣዎትም። አንዲት ንብ 0.1 ግራም ያህል ስለምትመዝን ለአንድ ኪሎ 10,000 ንብ ያስፈልጋል፤ ከዚያም አብዛኛው ውሃና ፕሮቲን ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ጥቁር ዱቄት ነው፤ እሱም መንጻት አለበት። በላይ በላዩ የሚፈላ ብርቱ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል፤ ቆዳም ያነድዳል፤ ሳሙና ለመሥራት ከሚውለው የበረታ ነውና ጓሮዎ ላይ እንዳይሞክሩት እንለምንዎታለን።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበን ግን «በየጊዜው የምጠርገው» ማለትዎ ነው። ጥቂት ንብ በየቀኑ መሞቷ ያለ ነው። በቀፎው አፍ ሥር በአንድ ቀን በብዛት ተነጥፎ ካገኙት፣ በተለይም ምላሳቸው ወጥቶ ከሆነ፣ በአካባቢው ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት ከሞቱት ጥቂቶቹን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው የወረዳዎን የንብ ባለሙያ ያሳዩ፤ ጎረቤቶችዎም ሲረጩ ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ በምሽት እንዲያደርጉት አስቀድመው ይነጋገሩ።